ከዳንግላ የተለየሁበት ደብዳቤ

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰው የት እንደሚሰፍርና ለምን እዚያ እንደሚሰፍር ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ራሴ የምሰፍርበትን ከተማ ለመምረጥ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ምርጫው ደግሞ ከናይሮቢና ከዱባይ አልነበረም፤ ከዳንግላና ከእንጅባራ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ ልናገር። ሁለቱም በአንድ አስፋልት ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባጃጅና ዝናብ ናቸው። በሁለቱም ገበያ ገበሬው ከሚስቱ ጋር በአዊኛ ይማከርና ለእኛ በአማርኛ ዋጋ ይጠራል። መሐላቸው አዲስ ቅዳም አለች። እኔና ባለቤቴ አስተማሪ ሆነን የተመደብነው፣ ልጆች አሳድገን በየአገሩ የበተንነው እዚያ ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እሷ የእንጅባራ ልጅ ናት። ስንጋባ ሽማግሌዎቹ «መሐል ላይ መኖራችሁ ደግ ነው፣ ማንም ማንንም አይወቅስም» ብለው መርቀውን ነበር። ምርቃቱ እስከ ጡረታችን ድረስ በደንብ ሠራ። ከዚያ አከራያችን ቤቱን ለልጁ ፈለገው።

ስለ እህቴ አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ታላቄ ናት። ዳንግላ፣ አባታችን በተወልን ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿም ያሉት በስልክ ውስጥ ነው። ዳንግላ ብንገባ ሰው ታገኛለች፤ እንጅባራ ብንገባ እንዲሁ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም፤ ካነሳሁት ክርክሩ እዚያው ያበቃና ባለቤቴ ትሸነፋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እንጅባራ ስንገባ ይሆነናል» እያለች ብርድ ልብስ ስትገዛ የኖረች ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ትሸነፍ? እህቴም ብትሆን ኑልኝ ብላን አታውቅም። እሷ የምትለው «ደህና ናችሁ ወይ» ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገሩን በሳይንስ ልፈታው ተነሳሁ። አንድ ትልቅ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩና ብርድ፣ ጭቃ፣ ውሃ፣ ድንች፣ ኔትወርክ እያልኩ መሙላት ጀመርኩ። እንጅባራ ይበርዳል። ዳንግላም ይበርዳል፤ ልዩነቱ ዳንግላ ላይ ሰው እየተንቀጠቀጠ «የእንጅባራን ብርድ አላየህም» ማለቱ ነው። ዳንግላ ጭቃ አለ። እንጅባራም ጭቃ አለ፤ እዚያ ደግሞ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሰመጠ ሰው «ክረምት ዳንግላን ብታየው ምን ልትል ነው» ይልሃል። ድንቹን ቀቅዬ ቀመስኩት፤ ከሁለቱም ገበያ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና የዳንግላውን ቀምሳ «ይኸው፣ የአገሬ ድንች!» አለች። እንደማልከራከራት ታውቃለችና ዓይኗን ገልጣ እንኳ ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

ሰው ጠየቅሁ። የቀረኝ ሰው የለም። የንስሐ አባታችንን፣ ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ፣ የባጃጅ ሹፌሮችን፣ ከሰል የሚጭኑትን ሳይቀር ጠየቅሁ። የንስሐ አባታችን «በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን አለ» አሉኝ። ሐጂ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው» አሉኝ። በሬው እኔ ልሁን ባለቤቴ ብዬ ብጠይቃቸው ጨርቃቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ «በቃ ዕጣ እንጣል» አለች። ዕጣ ሳይንስ አይደለም አልኳት። «እሺ፣ መናኸሪያ እንውጣና ቀድሞ የሚሞላው ሚኒባስ ይወስንልን» አለች። ይሄ ሳይንስ መስሎ ታየኝ፤ የሕዝብ እንቅስቃሴ ነዋ። ወጣን። ሁለቱ ሚኒባሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ረዳት «እንጅባራ! እንጅባራ!» ይላል፣ ሌላው «ዳንግላ! ዳንግላ!» ይላል። አንድ ሰው እዚህ ሲገባ አንድ ሰው እዚያ ይገባል። በመጨረሻ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ መንገድ ዳር የቀረነውም እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ረዳቶቹ እኛን ከማየታቸው አንዱ እኔን በክንዴ፣ ሌላው እሷን በቦርሳዋ ይዘው መጎተት ጀመሩ። «ደስ ይበላት፣ እኔው ልሸነፍ» አልኩና እጄን አስለቅቄ የእንጅባራው ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መስኮቱን ከፍቼ «ነይ» ልላት ስል እሷ የዳንግላው ውስጥ ተቀምጣለች። እሷም ደስ ይበለው ብላ ነው። ሁለቱም ሚኒባሶች ተነሱ። ስልክ ብደውል ኔትወርክ የለም።

እናም እኔ ያለ ሚስቴ ሚስቴ አገር፣ እሷም ያለ እኔ እኔ አገር ዋልን። እንጅባራ ጉም ወርዶ ነበር። ባለቤቴ በልጅነቷ የኖረችበት ሰፈር መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት የዱሮ ጎረቤቷ የሆኑ አሮጊት መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትገባው?» አሉኝ። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት ልጅ ብሎ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ስሰማ በቃ፣ እንጅባራ ነው አልኩ።

ማታ ቤት ተገናኘን። እሷ ከእህቴ ጋ ስትጫወት ውላ ድንች ተሸክማ መጥታለች። «እህትህ ከስታለች» አለችኝ። ከዚያ «ዳንግላ ይሁን» አለች። «አይሆንም፣ እንጅባራ ነው» አልኩ። ሁለት ዓመት እኔ ዳንግላ እሷ እንጅባራ ስንል ከርመን፣ ያን ሳምንት ሙሉ ደግሞ እኔ ለእንጅባራ እሷ ለዳንግላ ተጣላን። ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ማዶ የሚሰሙት ቃል ያው ነበርና መገለባበጡን ማንም ልብ አላለም። በመጨረሻ አሸነፍኩ። መምህር ስለሆንኩ ድምፄ ከፍ ይላል። እንጅባራ ተወሰነ።

አሁን የቀረው እድሩ ነው። ከአባቴ የወረስኩት የዳንግላ እድር ነበረኝ፤ ራቅ ብዬም ብኖር አባልነቴን ትቼ አላውቅም። አሁን የእንጅባራ ሰው ከሆንኩ እዚያ መመዝገብ አለብኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ አንድ ሬሳም ለሁለት እድር አይበቃም። እና የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «እድሩን ለቅቄአለሁ» ብሎ ይፈርም ነበር። እኔ ግን የምወደው ነገር ቢኖር አማርኛዬን ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በፈቃደ እግዚአብሔር ከምወዳት ከተማዬና ከእናንተ ከወገኖቼ መካከል ስለተለየሁ፣ ስሜ ከመዝገብ እንዲሰረዝልኝ፣ በሕይወት ዘመኔ ላሳያችሁኝ ፍቅርም ፈጣሪ ዋጋችሁን እንዲከፍልልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤውን ከማስገባቴ በፊት እህቴ ጋ ጎራ ብዬ፣ ቆሜ፣ ድምፄን አስተካክዬ አነበብኩላት። ወደ እንጅባራ መግባታችንን የነገርኳትም በዚሁ ነው። «ጥሩ አማርኛ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሽንኩርት ልትልጥ መስሎኝ ነበር። ቆየሁ ቆየሁና ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። የእድሩ ጸሐፊ ቤታቸው ስላልነበሩ ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገባሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ጸሐፊው ደብዳቤውን በጥድፊያ አይተው፣ ቀንጨብ አድርገው በቁራጭ ወረቀት ገለበጡና አባላቱ እንዲያውቁት ብለው ለለፋፊው ሰጡት። በቁራጩ ላይ «መምህሩ ከመካከላችን ስለተለዩ ይነገር» ይላል። ለፋፊው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ የሚነፋውም ለአንድ ዓይነት ወሬ ብቻ ነው። ተለየ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱን ማን ያስተምረዋል? ሰኞ ሳይነጋ ነፋው።

እኔ ሰኞ ጠዋት እንጅባራ በተከራየነው ቤት አልጋ እየገጣጠምኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ዱሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። «ሃሎ» አልኩ። ቆይቶ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አለኝ። 

«የደወልከው አንተ ነህ» አልኩት።

«ጋሼ? እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ኔትወርኩ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ።»

«የለም ጋሼ፣ ዳንግላ ድንኳንዎ ተተክሏል እኮ!»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ እህቴ ትዝ አለችኝ። ብደውልላት አይነሳም። ደግሜ ብደውል አይነሳም። እኔስ በሕይወት አለሁ፤ እሷ ግን በእኔ ሞት ደንግጣ ብትሞትስ? የአልጋውን ብሎን ከእጄ ጣልኩት። ባለቤቴ ነጠላዋን ጎትታ ተከተለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠ ሽማግሌ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀንና ለቅሶ ነው አልነው። «የመምህሩን ነው? እኔም እዚያው ነኝ» አለ። «በአካል አላውቀውም፣ ከአባቱ ጋር ነበር የምንተዋወቀው። ደግ ሰው ነው ይላሉ። ትንሽ ወሬ ያበዛ ነበር እንጂ።»

«ትንሽ?» አለች ባለቤቴ።

አባቴ ግቢ ስንደርስ ሰዉ ከድንኳኑ ተርፎ እስከ መንገድ ድረስ ወጥቷል። እውነቱን ልናገር፤ ያን ያህል ሰው ይመጣልኛል ብዬ አልገመትኩም ነበር፣ እና ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ። ወደ ውስጥ ሮጬ መግባት ነበረብኝ። ግን ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ገብቶ፣ ከወንዶቹ ተርታ ጥቂት ተቀምጦ ነው ሌላው ነገር የሚመጣው። እግሬ የለመደውን አደረገ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ወደ ሴቶቹ አለፈች። አጠገቤ ያለው ሰው ቀና ሳይል «እግዜር ያጽናዎት» አለኝ። «አሜን» አልኩ። ንፍሮ አቀበለኝ። ዘገንኩ። በራሴ ለቅሶ ንፍሮ እየቆረጠምኩ እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛውን ስዘግን ነው።

ሰውዬው ቀና አለ። አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ሳህኑ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት አልገልጸውም። አንዳንዱ እልል አለ፣ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዱ ደግሞ ከሩቅ ገጠር በእግሩ መምጣቱን እየተናገረ በሕይወት መገኘቴን በግልጽ ተቆጣ።

ጸሐፊው ደብዳቤዬን ከኪሳቸው አውጥተው መጡ። ቅንጣት ታህል አልደነገጡም።

«መምህር፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«ተለይተዋል ወይስ አልተለዩም?»

«ተለይቻለሁ፤ ግን እኮ…»

«በቃ። እኛ ምን አጠፋን? በአዊኛ ጽፈውልን ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የገደለዎት አማርኛዎ ነው።»

የእድሩ ዳኛ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን ተቀምጠው አሰቡበትና ፈረዱ። «ንፍሮው ተቀቅሏል፤ ሰዉ ሥራ ፈትቶ መጥቷል፤ ድንኳኑ እስከ ማታ ይቆያል። አንተም ልጄ፣ ደንባችን አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አያስለቅስም። ያንተ ድርሻ ዛሬ ተለቅሷል። ሌላ ጊዜ የምርህን ብትሞት ለእንጅባራዎቹ ንገር።» እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

እህቴ ውስጥ ናት አሉኝ። በሴቶቹ መሐል አልፌ ገባሁ። መሬት ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ፊት ለፊቷ ቆማለች። የእህቴ ፊት አብጧል። ከሴቶቹ አንዷ «ይኸው! ይኸው መጣልሽ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ አየችኝና ማልቀሷን ቀጠለች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። አልሞትኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ደብዳቤውን አንብበህልኝ የለም እንዴ?» አለች። «ጥሩምባው ሲነፋ ወዲያው ገባኝ። ሴቶቹ እየጮሁ ሲገቡ ኧረ ደህና ነው፣ እንጅባራ ነው የገባው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ሁሉም አብሮኝ አለቀሰ። አንዷ ታቅፈኛለች፣ አንዷ ውሃ ታመጣልኛለች። ተውኩት።» ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች። «ለሞተ አገር ያለቅሳል። ወንድሟ እንጅባራ ገባባት ተብሎ ለማን ድንኳን ይተከላል?»

አፈርኩ። ሰው ሲያፍር ጅል ይሆናል፤ እኔም ጂኦግራፊ አነሳሁ። «እንጅባራ እኮ ቅርብ ነው እትዬ፣ ሚኒባስ ነው፣ ብድግ ብሎ መምጣት ነው» አልኳት።

«አዲስ ቅዳምም ቅርብ ነበር» አለች። «ከእንጅባራም ይቀርባል። ሠላሳ ዓመት ስትኖር ስንት ቀን እዚህ አደርክ?»

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አባታችን የሞተ ጊዜ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ፣ አንድ ፋሲካ። ሌላ ፈለግሁ። ሌላ አልመጣልኝም፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ነበር የምነሳው። የት እንኑር እያልኩ ከሰል የሚጭነውን ሰው ሳይቀር ስጠይቅ የከረምኩ ሰው፣ እህቴን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ባለቤቴ ስልኳን አወጣችና ወደ በሩ ጠጋ ብላ ደወለች። የእንጅባራው ቤት አከራይ መሆናቸው ገባኝ። «አዎ፣ ዕቃችንን ልናነሳ ነው… የለም፣ ብርዱ አይደለም… አይ፣ ቤቱም ጥሩ ነው… አዎ፣ አገሬ ነው፣ አውቃለሁ» ስትል እሰማታለሁ። ስልኩን ዘጋችና እዚያው ቆመች። ከዚያ መጥታ እህቴ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋም አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔ ንፍሮ የያዘ ሳህን አንድ ሰው እጄ ላይ ትቶልኝ ቆሜአለሁ።

ይሄኔ ከገጠር ዘግይተው የደረሱ፣ በሕይወት መኖሬን ያልሰሙ አንዲት አሮጊት ገቡ። ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ከሁሉም አብልጣ የምታለቅሰውን አገኙ። ሚስትየዋ ናት ብለው ሄደው አቀፏት፤ ሚስትየዋም ናት።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት፣ «የሄደ አይመለስም። እግዜር ያጽናሽ።»

ባለቤቴ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«አሜን እማማ» አለች።